ወገቤን ሳያመኝ እግሬን ያሰቃየኝ ህመም ከዲስክ መሆኑ እንዴት እንደታወቀ

እግራቸውን እያመማቸው ምክንያቱ ላልታወቀላቸው ሰዎች ነው ይሄን የምጽፈው፣ በተለይ ደሞ ወገባቸው ምንም ሳይላቸው ከመቀመጫ ተነስቶ ቁልቁል እስከ እግር ጣት የሚወርድ ህመም ላለባቸው። እኔ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ስል ከርሜ መጨረሻ ላይ ምንጩ የታችኛው ወገቤ ዲስክ መሆኑ ታወቀ። ሐኪም አይደለሁም፣ የደረሰብኝን፣ ሲመረምሩኝ የተነገረኝንና በኋላ እያነበብኩ የተረዳሁትን ነው የማካፍለው፣ የናንተን እግር አይቶ ይሄ ነው ማለት የሚችለው በእጁ የመረመራችሁ ሰው ብቻ ነው።

ህመሙ የሚጀምረው ግራ ቂጤ ውስጥ ነው፣ ከዛ በጭኔ ጎን ይወርድና ከጉልበት በታች በውጪ በኩል ቅልጥሜን ይዞ የጫማ ክር የሚታሰርበት ቦታ ድረስ ይመጣል፣ መጨረሻው አውራ ጣቴ ነው። አንዳንዴ ያቃጥላል፣ አንዳንዴ ይነዝራል፣ ማታ ማታ ደሞ ዝም ብሎ ይጠዘጥዛል። ከሁሉም የሚብሰው ከጉልበት በታች ያለው ስለነበረ «የት ላይ ነው?» ሲሉኝ እጄ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ቅልጥሜ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የታየው ጉልበቴ ነው። ራጅ ተነሳሁ፣ ኖርማል። ቅባትና ማስታገሻ ተሰጠኝ፣ ትንሽ ቀለል አለኝና ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ የደም ስር ሊሆን ይችላል ተባለና እግሬ የደም ዝውውርን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ታየ፣ እሱም ኖርማል። ይሄን ማየታቸው ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ባት ውስጥ የረጋ ደም ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ አንዱ እግር ከሌላው በልጦ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ በዛኑ ቀን መታየት አለበት። የኔ ግን አላበጠም አልሞቀምም። የደም ቧንቧ መጥበብ ደሞ ሌላ ጸባይ አለው፣ ትንሽ መንገድ ሲሄዱ ባትን ጨምድዶ ይይዛል፣ ቆም ሲሉ ይለቃል። የኔ ተቃራኒው ነበር፣ ስራመድ ይሻለኛል፣ ስቀመጥ ነው የሚብስብኝ፣ መኪና ውስጥ ብዙ ከተቀመጥኩማ ስወርድ እግሬን መዘርጋት ያቅተኛል። ሳስነጥስ ወይ ሳስል፣ ሽንት ቤት ሳምጥ፣ ካልሲ ለማድረግ ጎንበስ ስል ከቂጤ እስከ ጣቴ ድረስ ይወረወርብኛል። እስከዛ ድረስ የመረመሩኝ ሰዎች ግን ስትቀመጥ ነው ስትሄድ የሚብስህ ብለው አልጠየቁኝም፣ እኔም እንደዛ አይነት ዝርዝር ለምርመራ ይጠቅማል ብዬ የማስብበት ምክንያት አልነበረኝም። አሁን ሳስበው ከተነሳሁት ራጅ ሁሉ በላይ የሚናገረው ይሄ ዝርዝር ነበር።

ሌላው ሳይጠየቅ የቀረ ነገር ወገቤ ነው። እግሬ ከመጀመሩ የተወሰኑ ሳምንታት በፊት ወገቤ ተይዞ ነበር፣ ከአልጋ ለመነሳት ግድግዳ እስክይዝ ድረስ፣ ከዛ እየተወኝ መጣና የእግሬ ህመም ሲጀምር የወገቤ ጭራሽ ጠፋ። በኋላ እንደተረዳሁት ይሄ በጣም የታወቀ አካሄድ ነው። ዲስክ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለ ትራስ ነገር ሲሆን ዳር ዳሩ ጠንካራ ቀለበት ነው፣ መሀሉ ደሞ ለስለስ ያለ ነገር አለው። ቀለበቱ የውጪው ክፍል ላይ ህመም የሚሰማ ነርቭ ስላለው ሲሰነጠቅ ወገብን ያማል፣ ከዛ መሀል ያለው ለስላሳው ነገር በስንጥቁ ሾልኮ ሲወጣ አጠገቡ የሚያልፈውን የነርቭ ስር ይጫነዋል፣ በዛ ላይ የሚያስቆጣ ኬሚካል አለው፣ ስለዚህ ነርቩ በመጫን ብቻ ሳይሆን በመቆጣትም ነው የሚያመው። ያ ነርቭ ደሞ ስራው እግር ላይ ስለሆነ አእምሮ ህመሙን የሚያነበው እግር ላይ ነው፣ ደወሉ የሚነካው በር ላይ ሆኖ የሚጮኸው ቤት ውስጥ እንደሆነ ማለት ነው። ወገብ ሲሻለው እግር የባሰበት ሰው ሁለቱንም ለሐኪሙ ይንገር፣ አንድ ታሪክ ነው።

ይሄን ግንኙነት ሰው ያወቀው ራሱ በጣም ድሮ አይደለም፣ 1934 እ.ኤ.አ. ላይ ሚክስተርና ባር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የተቀደደ ዲስክ ነርቭ እየተጫነ እንዲህ አይነት የእግር ህመም እንደሚያመጣ ጽፈው ካወጡ በኋላ ነው በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው።

ነገሩን የፈታችልኝ የነርቭ ሐኪም ናት። መጀመሪያ ምንም ምስል አላየችም፣ ይዤ የሄድኩትን የጉልበት ራጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ህመሙ የሚሄድበትን መንገድ በአንድ ጣትዎ ከላይ እስከ ታች ያሳዩኝ» አለችኝ። ከቂጤ ጀምሬ እስከ አውራ ጣቴ ሳሳያት ገና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዛ ስቀመጥ፣ ስቆም፣ ስሄድ፣ ሳስነጥስ እንዴት እንደሚሆን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፣ ቀጥሎ በተረከዜ ብቻ እንድራመድ አደረገችኝ። ቀኝ እግሬ ደህና ነው፣ ግራው ግን የፊቱን ክፍል ከመሬት አንስቶ መያዝ አቃተው፣ ጣቶቼ እየወረዱ ወለሉን ይነካሉ። እስከዛች ደቂቃ ድረስ እግሬ መድከሙን አላወቅኩም ነበር፣ ህመሙ ስለበረታ ድካሙ ተሸፍኖ ነበር። በእግር ጣት መራመዱን ግን ያለ ችግር ሄድኩት።

ከዛ በጀርባዬ አስተኛችኝና ጉልበቴን ሳታጥፍ ግራ እግሬን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አነሳችው፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያ የማውቀው ህመም ቅልጥሜ ላይ ፈነዳ። ትንሽ ዝቅ አድርጋ ህመሙ ሲተወኝ ደሞ የእግሬን መርገጫ ወደ ፊቴ አጠፈችው፣ ወዲያው ተመለሰ። ይሄ ምርመራ ላሴግ ይባላል፣ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መሀል ከጉልበት በታች የሚወርደውን የራስን ህመም ካስነሳ ነው ትርጉም ያለው። ከጭን ጀርባ ጡንቻው ብቻ ከተወጠረ አይቆጠርም፣ እሱማ ስፖርት የማይሰራ ሰው ሁሉ ይወጠርበታል፣ ቤታችሁ ተኝታችሁ ሞክራችሁት ጭናችሁ ተወጠረ ብላችሁ አትደንግጡ። ቀጥላ ደህነኛውን ቀኝ እግሬን አነሳችው፣ ያመመኝ ግን ግራው ነው። ይሄኛው ብዙ ሰው ላይ አይገኝም፣ ሲገኝ ግን ዲስክ የመሆኑን ጥርጣሬ በጣም ያጠነክረዋል ብላኛለች።

ቀጥሎ የመጣው ነው ከሁሉም ልቤ ላይ የቀረው። ሁለቱንም አውራ ጣቶቼን ወደ ላይ እንድስብ አዘዘችኝና በጣቷ ወደ ታች ገፋቻቸው፣ ቀኙን ልትጥለው አልቻለችም፣ ግራው ያለ ምንም ትግል ወደቀ። በጥጥ ስትነካኝ በአውራ ጣቴና በሁለተኛው ጣት መሀል ያለው ቦታ ደንዝዟል። በጎማ መዶሻ ጉልበቴንና ተረከዜን ስትመታ ግን ሁለቱም ኖርማል ዘለሉ፣ እኔም ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ደስ ሲለኝ እሷ ግን ከታችኛው ወገብ የሚወጣው ኤል 5 የሚባለው ነርቭ በመዶሻ በደንብ የሚለካ ሪፍሌክስ (ሲመታ በራሱ የሚዘል ምላሽ) ስለሌለው ይሄ ነጻ አያወጣውም አለችኝ። በመጨረሻ በጎኔ አስተኝታ እግሬን ወደ ጎን እንዳነሳ እየገፋች ሞከረችኝ፣ መርገጫዬንም ወደ ውስጥ እንዳዞር፣ ሁለቱም ደክመዋል። ይሄን ያደረገችው ከጉልበት በታች በውጪ በኩል አጥንቷ ጎላ ብላ የምትዳሰስበት ጋ የሚያልፍ ሌላ ነርቭ ስላለ ነው፣ እግር አጣምሮ ብዙ በመቀመጥ ወይ በጠባብ ጀሶ እሱ ሲጫን መርገጫው እንደኔው ይወድቃል፣ ግን እግርን ወደ ጎን ማንሳትና መርገጫን ወደ ውስጥ ማዞር አይነካም። የኔ እነሱም ስለደከሙ ችግሩ ከጉልበት በላይ ነው፣ ወገብ ላይ ነው ማለት ነው። ኤምአርአይ ሳይታይ ወረቀቷ ላይ «ግራ ኤል 5» ብላ ጻፈች።

እዚህ ላይ የነርቮቹን ካርታ ባጭሩ ላስቀምጥላችሁ ምክንያቱም የራሳችሁን ህመም በትክክል ለመናገር ይጠቅማችኋል። ከሚወጡት የወገብ ዲስኮች አብዛኞቹ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፣ ኤል 4 እና ኤል 5 በሚባሉት አጥንቶች መሀል ያለውና በኤል 5 እና ከሱ ስር ባለው ኤስ 1 መሀል ያለው፣ ነርቮቹም በነዚሁ ስሞች ነው የሚጠሩት። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የሚጫነው ኤል 5 ነርቭን ነው፣ የኔው አይነት ማለት ነው፣ የቅልጥም ውጪ፣ የመርገጫው የላይ ክፍልና አውራ ጣት፣ በተረከዝ መራመድ ያቅታል። ሁለተኛው ኤስ 1ን ነው፣ ህመሙ በጭንና በባት ጀርባ ወርዶ ወደ ተረከዝ፣ ወደ መርገጫው ውጪኛ ጠርዝና ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል፣ በጣት ጫፍ መቆም ያቅታል፣ ተረከዝ ላይ የሚመታው ሪፍሌክስ ይቀንሳል። ከነዚህ ከፍ ብሎ ኤል 4 ከተነካ ደሞ የጭን ፊት፣ ጉልበትና የቅልጥም ውስጥ ነው የሚያመው፣ ደረጃ ሲወጡ ጉልበት ይከዳል፣ የጉልበት ሪፍሌክስ ይደክማል፣ እሱ ላይ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳቱ ብዙ ላያሳይ ስለሚችል በሆድ አስተኝተው ጉልበትን አጥፈው ጭንን ወደ ኋላ በማንሳት ነው የሚያዩት። በርግጥ የሰው ሰውነት እንደ መጽሐፍ ንጹህ አይደለም፣ ካርታው ሊደራረብ ይችላል፣ ግን ለመነሻ በቂ ነው።

ኤምአርአይ የታዘዘልኝ ጣቴ ስለደከመ ነው። ድካም ከሌለና ከታች የምነግራችሁ አስጊ ምልክቶች ከሌሉ መጀመሪያ 6 ሳምንት አካባቢ በማስታገሻና በእንቅስቃሴ መጠበቅ የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው በ6 እና 12 ሳምንት መሀል ያለ ኦፕሬሽን ይሻለዋል፣ ምስሉም በዛ ሰአት ህክምናውን አይለውጠውም። ራጅ አጥንት እንጂ ዲስክና ነርቭ አያሳይም፣ የወገብ ራጃችሁ ኖርማል ነው ስለተባላችሁ ዲስክ አይደለም ማለት አይደለም። ልብ ላይ ፔስሜከር ያለው ወይ ሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለው ሰው ከመግባቱ በፊት ይናገር፣ ኤምአርአይ ካልተቻለ ሲቲ ስካን አማራጭ ነው። አንድ ትንሽ ምክር፣ ማሽኑ ውስጥ እግር ዘርግቶ መተኛት ለኛ አይነቱ በሽተኛ ስቃይ ነው፣ ከጉልበት ስር ትራስ እንዲያደርጉላችሁ ለምኑ፣ እኔ ትራሱ ባይኖር አልጨርሰውም ነበር።

ሪፖርቱ ሲመጣ ሦስት ዲስክ ላይ ችግር አለ ይላል፣ ከላይኛው ላይ ባልጅ፣ መሀለኛው ላይ ወደ ግራ ያደላ ኤክስትሩዥን፣ የታችኛው ላይ ደሞ ባልጅ። ሳነበው ወገቤ ሙሉ በሙሉ ያለቀ ነው የመሰለኝ። ዶክተሯ ግን ሁለቱን ባልጆች ዝም ብላ አለፈቻቸው፣ ጣቷን ያሳረፈችው መሀለኛው ላይ ነው፣ በኤል 4 እና ኤል 5 መሀል፣ በግራ በኩል፣ ኤል 5 ነርቭን ሲጫን። ጎኑም ደረጃውም እሷ በእጇ ካገኘችው ጋር ገጠመ። ባልጅ ማለት ዲስኩ ዙሪያውን ትንሽ ወደ ውጪ ተለጥጦ ነው፣ ፕሮትሩዥን አንድ ቦታ ላይ ሲገፋ፣ ኤክስትሩዥን መሀሉ ሾልኮ ሲወጣ፣ ሴኩዌስትሬሽን ደሞ የወጣው ቁራጭ ተበጥሶ ሲቀር። ስሙ እየከበደ ሲሄድ ያስፈራል፣ ነገር ግን ብዙ የወጣውና የተበጠሰው ነው ሰውነት ራሱ እየበላ የመቀነስ እድሉ ከፍ የሚለው።

ምስል ብቻውን ለምን እንደማይበቃ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው 52 በመቶው ቢያንስ አንድ ባልጅ ተገኘባቸው፣ 27 በመቶው ደሞ ፕሮትሩዥን። ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው እኮ። ስለዚህ ሪፖርት ላይ ባልጅ ስለተጻፈ ብቻ የእግር ህመሙ ከዛ ነው ማለት አይቻልም። አክስቴ ላይ ያየሁት ይሄው ነው፣ እግሯን ሲያማት ወገቧን ኤምአርአይ ተነሳች፣ ዲስክ ነው ተባለችና ወራት በዛ ስም ታከመች። ህመሟ ግን ብሽሽቷ ላይ ነበር፣ ከጉልበት አያልፍም፣ መኪና ስትገባና ጫማ ስታደርግ ነው የሚይዛት፣ አንድ ሐኪም ጭኗን አጥፎ ወደ ውስጥ ሲያዞረው ጮኸች፣ የዳሌ መገጣጠሚያዋ ነው የተበላው። በእድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች ላይ ደሞ የአከርካሪ ቦይ መጥበብ አለ፣ እነሱ ሲቆሙና ሲራመዱ ሁለቱም እግራቸው ይከብዳል፣ ሲቀመጡ ወይ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ቀለል ይላቸዋል፣ ከኛ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሁለቱም መርገጫው ላይ ቢያቃጥለውና ቢደነዝዘው ከስኳሩ የመጣ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል። አልማዝ ባለጭራም ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት አንድ እግር ላይ እንዲህ ያቃጥላል፣ ቆዳችሁን ተመልከቱ።

ምርመራውና ምስሉ አልገጥም ካለ የነርቭና የጡንቻ መለኪያ የሆነው ኢኤምጂ ይታዘዛል፣ በቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ የትኛው ነርቭ እንደተጎዳ ያሳያል። ህመሙ በጀመረ በሳምንቱ ቢሰራ ግን ኖርማል ሊመስል ይችላል፣ ለውጡ መርፌው ላይ እስኪታይ 3 ሳምንት አካባቢ ይፈልጋል። እኔን አላስፈለገኝም።

አሁን አስጊውን። ብልት፣ ፊንጢጣና የውስጥ ጭን አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይ ሳይታወቃችሁ ካመለጣችሁ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ሁለቱም እግር በአንድ ላይ እየደከመ ከሄደ ይሄ ካውዳ ኢኳይና የሚባለው ነው፣ የታችኞቹ ነርቮች በጅምላ እየተጨፈለቁ ነው ማለት ነው፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ በሰአታት የሚቆጠር ነገር ነው፣ ከዘገየ የሽንት ችግሩ ቋሚ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው አፍሮ ይሄን ለሐኪም ሳይናገር ይቀራል፣ እባካችሁ አትፈሩ። ትኩሳት፣ ምክንያት የሌለው ክብደት መቀነስ፣ ተኝቶም የማይለቅ የሌሊት ህመም፣ ከዚህ በፊት የነበረ ካንሰር፣ ከባድ መውደቅ፣ ወይ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ መውሰድ ካለም 6 ሳምንት መጠበቅ የሚባለው አይሰራም፣ የአከርካሪ ቲቢ፣ ሌላ ኢንፌክሽን፣ እጢ ወይ የአጥንት ስብራት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት።

የኔን ለመጨረስ፣ ኦፕሬሽን ወዲያው አልተደረገልኝም። ጣቴ ከዚህ በላይ ከደከመ ወይ መርገጫዬ ጭራሽ መነሳት ካቆመ ቶሎ እንድመለስ ተነግሮኝ በማስታገሻ፣ በፊዚዮቴራፒና በእግር ጉዞ ተከታተልኩ፣ ተቀምጬ መዋል ቀነስኩ። ሐኪሟ ስትከታተለኝ የምትጠይቀኝ ህመሙ ስንት ነው ብላ ብቻ ሳይሆን የት ደርሷል ብላም ነው፣ ምክንያቱም ህመሙ ከጣት ወደ ቅልጥም፣ ከቅልጥም ወደ ጭን፣ ከዛ ወደ ወገብ እየተሰበሰበ ከመጣ ወገብ ትንሽ ቢያም እንኳ ጥሩ ምልክት ነው፣ የኔም እንደዛ ነው የሄደው። ወገቤ መልሶ ማመም ሲጀምር ደንግጬ ደውዬላት ነበር፣ እግርዎስ አለችኝ፣ እግሬ ቀሏል ስላት ይቀጥሉ ነው ያለችኝ። ህመሙ መጀመሪያ ሄደ፣ የጣቴ ጉልበት ከሱ በጣም ዘግይቶ ነው የተመለሰው፣ በሁለቱ ጣቶች መሀል ያለችው ድንዝዝ ቦታ አሁንም ትንሽ አለች፣ ይሄም የሚጠበቅ ነው፣ ነርቭ ሲያገግም ስሜት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።